ገመድ የሌላት ጊደር

ኅዳር 6 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ሐሙስ

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ንጋት ናት። በመስከረም ትምህርት ሊከፈት ሲል «እቴቴ፣ የሆድሽን እዚህ ላይ ጻፊው፤ ለሰው ከምትናገሪው ይሻላል» ብላ ሳቀች። ሁለት ወር ባዶውን ተቀመጠ። ዛሬ የጀመርሁት የማናግረው ሰው ስለጠፋ ነው እንጂ ምክሯን ሰምቼ አይደለም።

ንጋት የታናሽ እህቴ የያምሮት ልጅ ናት። እናቷ ስትሞት ገና አምስት ዓመቷ ነበር። አባቷ ሰይፈ ገበዝ ማርያም ላይ ሌላ ሚስት አገባ፤ እኔ እዚህ ፍኖተ ሰላም አምጥቼ አሳደግኋት። መጀመሪያ «እማ» ትለኝ ነበር። «እናትሽ ያምሮት ናት፤ እኔ አክስትሽ ነኝ» ብዬ አስተውኋት። የሙት ስም አይወሰድም ብዬ ነው። አሁን መራዊ አስተማሪ ናት። በጥር ታገባለች። ድግሱ አባቷ ቤት ነው።

እኔን የጠራኝ የለም።

ኅዳር 8፣ ቅዳሜ

ሥራ መጣ። ጽሕፈት ቤት የምትሠራው ወይዘሮ ንግሥቴ ለገና መቶ ብስኩት አዘዘችኝ። ነጭ ቅብ ያለበት፣ ኮከብና መስቀል የተሣለበት። በዚህ ከተማ ይህን የሚሠራ ከእኔ በቀር የለም። ነበረች፤ ንጋት ነበረች።

የተማርሁት በደርግ ጊዜ፣ መንገድ ሊሠሩ ከመጡ ፈረንጆች ሰፈር ወጥ ቤት ስሠራ ነው። የመሐንዲሱ ሚስት በእጇ እያሳየች አስተማረችኝ፤ አማርኛዋ «ቀስ» እና «አይደለም» ብቻ ነበር። የእንቁላሉን ነጭ ከአስኳሉ መለየት፣ ተወቅጦ የተነፋ ስኳር መጨመር፣ ሎሚ ጠብ ማድረግ፣ ክንድ እስኪዝል መምታት። ወፍራሙ ለዳር ነው፤ በማንኪያ ሲነሣ ጫፉ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ለመሐል መሙያው በውኃ ይቀጥናል። ልኩን ለማወቅ በቢላዋ ይሰነጠቃል። አሥር ሲቆጠር ስንጥቁ ራሱ ገጥሞ ከጠፋ ደርሷል። ቶሎ ከገጠመ ይፈስሳል፤ አልገጥምም ካለ ይጎረብጣል። አየር የቋጠረ ነጥብ ካለ በአጋም እሾህ ወግቶ ማስተንፈስ ነው። አድሮ ሲደርቅ እንደ እንቁላል ቅርፊት ልስልስ ይላል።

ስኳሩን የምትወቅጠው ንጋት ነበረች። ለስኳር ብቻ የለየቻት ትንሽ ሙቀጫ አለቻት። ባለፈው ወር ለአብሽ አደረግኋት፤ ለሆዴ ሕመም ጠዋት ጠዋት አብሽ እጠጣለሁ። ለአንድ ሰው ሁለት ሙቀጫ ምን ያደርግለታል? ዛሬ አጠብ አጠብ አድርጌ ስኳሩን ወቀጥሁባት።

ኅዳር 11፣ ማክሰኞ

ሰው የሚያወራውን ያወራል። እኔ እንደሆነው ልጻፈው።

ጥቅምት 11፣ እሑድ ቀን ሦስት ሽማግሎች ከቡሬ መጡ። መሪያቸው አሁን የሚያገባት የአለኸኝ አጎት፣ አያ ዳኘው ነበሩ። እንደ ወጉ አልቀመጥም ብለው፣ ቆመው ንጋትን ለልጃቸው ጠየቁ። እኔም እንደ ወጉ መለስኋቸው። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል ቤት ልጁን እንዳረከሰ ይቆጠራል፤ ይህን በጎጃም ምድር የማያውቅ የለም። ሁለተኛ ይመጣሉ፣ ሦስተኛ ይመጣሉ፣ ከዚያ ይመረቃል። ትንሽ ጨዋታም ጨምሬበታለሁ። ሽማግሌ በደረቁ አይመለስም። እንዲያውም አንደኛው ስቀዋል።

በሚቀጥለው እሑድ ይመጣሉ ብዬ ጠላ ጠመቅሁ። አልመጡም። ጠላው ኮመጠጠ። ለካ ወደ ሰይፈ ሄደዋል። ሰይፈ በመጀመሪያው ቀን ሰጠ። ያላሳደገ ሰው ምን ይቸግረዋል?

ሽማግሎቹ ሲመጡ ንጋት ጓዳ ሆና የሚቀርብላቸውን ብስኩት ትቀባ ነበር። በማግሥቱ ሳትሰናበተኝ በማለዳው መኪና ሄደች። ትሪው ላይ ግማሹ ተቀብቷል፣ ግማሹ ራቁቱን ነው። ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ያልጣልሁት ጊዜ አጥቼ ነው።

ከጓዳ ሆኖ የሳሎን ወሬ አይሰማም።

ኅዳር 16፣ እሑድ

ትናንት ጾመ ነቢያት ገባ። እንግዲህ እስከ ገና እንቁላል የነካው ነገር ወደ አፌ አይደርስም። ጣቴን እንኳ አልስም። ድሮስ ቢሆን በጾም እንሠራ የለ? ልክ ልኩን እጄ ያውቀዋል። ቢሆንም ጎረቤቴን ዘሐራን ጠራኋት። ግድግዳ ያገናኘናል፤ እስላም ስለሆነች የኛ ጾም አያግዳትም።

«እትዬ ጥሩዬ፣ እናንተ እየጾማችሁ እኔን ልታወፍሩኝ ነው?»

«ቅመሽና ንገሪኝ። ቀልዱን ተዪው።»

ነከሰች። ቀስ ብላ አኘከች። ዓይኗን ወደ ጣሪያው አነሣች።

«እንዴት ነው?»

«ሸጋ ነው።»

«ጣፍጧል ወይ?»

«አዬ ልስላሴው! መስታወት እኮ ነው፤ ፊት ያሳያል።»

ውኃ ስጡኝ አለችና ጠጣች። የቀረውን «ለልጆቹ» ብላ በሻርፗ ጫፍ ቋጠረችው። ደግ ሴት ናት። ወሬ ታበዛለች እንጂ።

ኅዳር 21፣ ዓርብ

የቀበሌ ስኳር መጣ ተባለ። ከማለዳ ጀምሮ ሰልፍ። ፀሐይ። ከኋላዬ ሁለት ሴቶች። አንዷ፦ «ጊደሯስ?» ሌላዋ፦ «ገመዷን በጥሳ ሄደች አሉ።» ሳቁ። ዘወር ስል ዝም።

የማን ጊደር እንደሆነች አላውቅም።

ታኅሣሥ 3፣ ረቡዕ

መብራት ሄዶ ነበር፤ አሁን መጣ። ዘሐራ ዛሬም ቀመሰች። ዛሬም «ሸጋ ነው»። ዛሬም ውኃ ጠጣች።

ፊደል የቆጠርሁት ሃምሳ ልደፍን ሁለት ዓመት ሲቀረኝ ነው። ንጋት አንደኛ ክፍል ገብታ ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት የመጣ ወረቀት ይዛ «እቴቴ፣ አንብቢልኝ» አለች። «ዓይኔን አሞኛል» አልኋት። በነጋታውም ዓይኔን አሞኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ምንም ሳትል፣ ቅቡ የገባበትን፣ እንደ ቀንድ የተጠቀለለ ወረቀት አንሥታ ብስኩት ላይ «ሀ» ጻፈችና ፊቴ አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲያ በየማታው አንድ ፊደል ሆነ። እሷ ትጠራልኛለች፣ እኔ ብስኩት ላይ በቅብ እጽፋለሁ። ካወቅሁት እኔ እበላዋለሁ፤ ከሳትሁት እሷ ትበላዋለች። በመጀመሪያው ዓመት ልጅቷ ወፈረች።

ለማንም አልነገረችብኝም። በሰባት ዓመቷ ምሥጢር ትጠብቅ ነበር። እኔ በስድሳ አራት ዓመቴ…

ይብቃኝ። ነገ የሚቆረጥ ሊጥ አለ።

ታኅሣሥ 12፣ ዓርብ

ካርድ መጣ። የታተመ፣ የወርቅ ቀለም ዳሩን የዞረው። የአውቶቡስ ረዳት ነው ያመጣው፤ ስሜን መንገድ ላይ ጮኾ እየጠራ። «ለክብርት ወይዘሮ ጥሩዬ» ይላል። ለጽሕፈት ቤት ኃላፊ የሚላክ ዓይነት ነው። ሰው እናቱን በካርድ ይጠራል? ለእናት ዘመድ መጥቶ፣ «ድግሱ ያንቺ ነው፤ ጓዳውን ያዢ» ይላታል። እንግዳ ነው በካርድ የሚጠራ።

«ከነቤተሰብዎ እንዲገኙልን» ይላል መጨረሻው።

ቤተሰቤ እሷ አይደለችም እንዴ?

ታኅሣሥ 20፣ ቅዳሜ

አልሄድም። ካርዱን እሳት ውስጥ ልከተው ነበር፤ ወረቀቱ ጠንካራ ስለሆነ ለብስኩት መደርደሪያ ይሆናል ብዬ ተውሁት። እስካሁን ምንም አልደረደርሁበትም።

ታኅሣሥ 28፣ እሑድ

ስምንት ቀን አልጻፍሁም። መቶ ብስኩት። በርና መስኮቱን ዘግቼ ነው የሠራሁት፤ የስኳር ሽታ ሲወጣ ንቡ ከየአጥሩ ይመጣና ያልደረቀ ቅብ ላይ ተጣብቆ ይሞታል። ንጋት በሩ ላይ ነጠላ ይዛ ትከላከል ነበር። ብቻዬን መዝጋት ነው ያለኝ። ጨለማ። ሙቀት። ወገቤ።

ዛሬ አስረከብሁ። ንግሥቴ «ይህ የሚበላ ነው ወይስ የሚሰቀል?» አለች። ደስ አለኝ ልበል።

ታኅሣሥ 29፣ ገና

ከቤተ ክርስቲያን መልስ አብሽ አልጠጣሁም፤ በዓል ነው ብዬ። ተርፎ ከነበረው አንድ ኮከብ አንሥቼ ነከስሁ።

መራራ። ላዩ ስኳር፣ ከዚያ አብሽ። ምላሴ ሥር ሄዶ የሚቀመጥ ምሬት። ሌላውን ነከስሁ። እሱም ያው ነው። ሙቀጫዋን አሸተትሁ። እንጨት ያጠጡትን አይረሳም።

ዘሐራ «እንኳን አደረሰዎ» ልትል ስትመጣ ብስኩቱን ዘረጋሁላት።

«ዘሐራ፣ ይመራል።»

ብስኩቱን አልተቀበለችኝም።

«ታውቂ ነበር?»

«ትንሽ… አብሽ አብሽ ይል ነበር።»

«ትንሽ! አርባ ቀን ሙሉ ሸጋ ነው እያልሽኝ? መቶ ብስኩት በሰው ገበታ ላይ አስቀርበሽ?»

«ይኸው፣ ተቆጡ!» አለች። «እትዬ ጥሩዬ፣ ለእርስዎ መራራ ነገር ማን ደፍሮ ይነግርዎታል? መጀመሪያ ቀን ልነግርዎ አፌን ከፍቼ ነበር። ፊትዎን አየሁና ውኃ ጠየቅሁ።»

«ንጋት ብትኖር ትነግረኝ ነበር።»

«እህሳ።»

ከዚያ ሳልፈልገው ከአፌ ወጣ። «የዚያን ቀን… ከጓዳ ሆኖ የሳሎን ወሬ ይሰማል?»

ዘሐራ መሬት መሬት አየች። «እኔ እንኳ በግድግዳው በኩል ሰምቼአለሁ» አለች።

ጥር 2፣ ሐሙስ

ንግሥቴ ቤት ሄጄ ብስኩቱ እንደመረረ ነገርኋት። «ልጆቹ እኮ በሉት» አለች። ዓይኔን ሳታይ። ሌላ ሠርቼ አመጣለሁ አልኋት። «ኧረ አይልፉ» አለች። ይህም ሸጋ ነው ማለት ነው።

ለሽማግሎቹ ያልሁትን እስከ ዛሬ አልጻፍሁትም። ይኸው፦ «ጊደር ያሳደገ ወተቷን ሳይጠጣ ለሰው አይነዳም።»

ሲመጣልኝ ጥሩ ነገር መስሎኝ ነበር። ቆንጆ አነጋገር አፍ ላይ ሲደርስ መዋጥ አልችልም፤ አባቴም እንዲሁ ነበር። አንደኛው ሽማግሌ ሳቁ። አያ ዳኘው አልሳቁም። ጓዳ ውስጥ ሳህን ላይ ሲመታ የነበረው ማንኪያ ቆመ። ሰምቼዋለሁ። ሲቆም ሰምቼዋለሁ።

ጨዋታ ነው እላለሁ። ጨዋታ ከሆነ ድምፄ ለምን ተንቀጠቀጠ?

ጥር 6፣ ሰኞ

አዲስ ሙቀጫ ገዛሁ። ስኳር ወቀጥሁ፣ በሻሽ ነፋሁ፣ እንቁላል መታሁ። ቀመስሁ። ሁለት ጊዜ ቀመስሁ።

ሊጡን በቢላዋ በጊደር አምሳል ቆረጥሁት፤ መዳፍ የሚያህል። ስጋግረው አንድ ጆሮ ተሰበረ፤ ደግሜ ሠራሁ። ዳሯን በወፍራሙ ከበብሁ። መሙያውን በቢላዋ ሰንጥቄ ቆጠርሁ። ዘጠኝ ላይ ገጠመ፤ ስኳር ጨመርሁ። አሥር። አፈሰስሁት፤ ራሱ እየተንከባለለ እስከ ዳሩ ሄደ። ቀንዷን፣ ዓይኗን፣ ጡቷን ሠራሁ። ጡቷን በቀይ ሥር ውኃ አቀላሁት።

ገመድ አልሠራሁላትም። አንገቷ ባዶ ነው።

ጥር 7፣ ማክሰኞ

ጊደሯን ከሌሎች ብስኩቶች ጋር በቆርቆሮ ዕቃ አድርጌ ቡሬ ወረድሁ። ሚኒባሱ ውስጥ ጉልበቴ ላይ ይዣት፤ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ቆርቆሮዋን ወደ ላይ አንሥቼ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው «ሴትዮ፣ ታቦት ነው እንዴ?» አለኝ።

አያ ዳኘው ደጃፋቸው ላይ ቆመው ነበር።

«ወይዘሮ ጥሩዬ! ይግቡ እንጂ። የኛ በር እንኳ ሰው አይመልስም።»

ይገባኛል። ገባሁ። ተቀመጡ ሲሉኝ ቆሜ ጠየቅሁ።

«አያ ዳኘው፣ ለምን ሁለተኛ አልመጡም?»

«ልንመጣ ነበር። ወጉ መች ይጠፋናል? እኔ ራሴ ስንት ሽማግሌ መልሻለሁ። ልጅቷ ናት ያስቀረችን።»

«ምን ብላ?»

ጢማቸውን አሻሹ። ሊነግሩኝ አልፈለጉም። እኔም ቆሜ ጠበቅሁ።

«‹ከብት በሽማግሌ አይጠየቅም፤ ገበያ ወጥቶ ነው የሚገዛ› አለችን።»

ያን ጊዜ ተቀመጥሁ።

ሲሸኙኝ ቆርቆሮዋን ሰጠኋቸው። «ለእሷ ይስጡልኝ።»

«ምን ብዬ ልስጣት?»

«ምንም አይበሉ። ታየዋለች።»

ጥር 11፣ ጥምቀት

ታቦቱን ሸኝቼ ተመለስሁ። ከቡሬ ወሬ የለም።

በአገራችን ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ሽሮ የላኩበት ሳህን ሎሚም ቢሆን ይዞ ይመጣል። ባዶውን የተመለሰ ዕቃ «ከእንግዲህ አንላላክ» ማለት ነው። ቆርቆሮዋ ባዶዋን ብትመጣ ይሻላል ወይስ ሳትመጣ ብትቀር?

ጥር 19፣ እሑድ

ዛሬ ነው።

በጠዋት አዲሱን ቀሚስ ለበስሁ። ካርዱን ያዝሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ። የሌላ ሰው ሠርግ በዋናው መንገድ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈ፤ የጋሪ ፈረሶች ደነበሩ። ሁለተኛም አለፈ። በካርድ ሄጄ ከእንግዳ ጋር ተደርድሬ ሰይፈ ሲመርቃት ልይ? ዘሐራ በበሩ ብቅ ብላ «አይሄዱም?» አለችኝ። «ወገቤን አሞኛል» አልኋት። ድሮ ዓይኔን ነበር የሚያመኝ።

ሲመሽ ቀሚሱን አወለቅሁ። ምንም አልቆሸሸም።

ጥር 21፣ ማክሰኞ፣ አስተርእዮ ማርያም

በር ተንኳኳ። አያ ዳኘው ናቸው፤ ቆርቆሮዋን በብብታቸው ይዘው።

«ይግቡ እንጂ።»

«አልገባም። ባለፈውም ቆሜ ነው የተመለስሁት፤ ዛሬም ቆሜ እጠይቃለሁ።»

ቆርቆሮዋን ተቀበልሁ። ቀላል ናት። ነቅነቅ ሳደርጋት አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ከፈትሁ። የጊደሯ ግማሽ ነው። ራሷንና አንገቷን ነክሳ በልታዋለች፤ የጡቷን በኩል ልካልኛለች።

«ምን ማለቷ ነው?» አልሁ።

«እኔ መልእክተኛ ነኝ፤ ቅኔ አልፈታም። ስትበላ ግን አይቻታለሁ። መጀመሪያ አንገቷን አየች። ከዚያ ወደ ጓዳ ገባች፤ ቆይታ ወጣች።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «‹እማ ዘንድ ሂዱልኝ› አለችኝ። እኔ እንኳ አክስቷ ይመስሉኝ ነበር።»

ቆርቆሮዋን መልሼ ገጠምሁ።

«እንግዲህ ሙሽሮቹ ሐሙስ ለመልስ ሊመጡ ይፈልጋሉ። ይቀበሏቸዋል ወይስ ሌላ ቀን ተመልሰን እንጠይቅ?»

አፌ ላይ አንድ ነገር መጣልኝ። ሸጋ ነገር ነበር፤ ሦስት ሽማግሌ የሚያስቅ። ዋጥሁት።

«ይምጡ» አልሁ።

«በመጀመሪያው ቀን?» አሉ ሳቅ ይዟቸው።

«ሁለተኛው ነው አያ ዳኘው። ይግቡና ይቀመጡ።»

ጥር 22፣ ረቡዕ

ሥራ። እንቁላል፣ ስኳር፣ ሎሚ። ረቡዕ ስለሆነ ልቀምስ አልችልም። ዘሐራን ጠራኋት።

«ሸጋ ነው ካልሽኝ በዚህ ማንኪያ ነው የምልሽ።»

ቀመሰች። አሰበች። «ሎሚው በዝቷል።»

እንዲህ ደስ ያለኝን ቀን አላስታውስም።

ጥር 23፣ ሐሙስ

ትሪውን ከቁም ሳጥን አወጣሁት። የጥቅምቱን ብስኩት ለዶሮ በትኜ አዲሱን ደረደርሁበት። ግማሹን ቀባሁ። ግማሹን ራቁቱን ተውሁት፤ የቀረውን ቅብ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኜ ማንኪያውን አጠገቡ አኖርሁ። የጊደሯ ግማሽ እኔ ዘንድ አለች። ፍችውን ከራሷ ሳልሰማ አልበላትም።

መኪናው ስድስት ሰዓት ይደርሳል ብለው ነበር። አሁን ስምንት ሆኗል።

ቅቡ ገና አልደረቀም፤ ንቡ እየገባ ነው። ሁለቱ ኮከቡ ላይ ተጣብቀዋል። በሩን ግን አልዘጋሁትም።